ብርድ ልብስ የለበሰ ፍሪዘር

በእኛ ሰፈር ሰው ሲታመም ታይፎይድ ነው፤ ፍሪዘር ሲታመም ጋዝ ነው። ሌላ በሽታ አልተፈቀደም። አንዱን ጎኑን ቢወጋው «ታይፎይድ እንዳይሆን ተመርመር» ይባላል፤ የፍሪዘር ክዳን አልገጥም ቢል «ጋዙ አልቋል» ይባላል። ስለዚህ የኔ ፍሪዘር በፋሲካ ሰሞን ማቀዝቀዝ ሲያቅተው፣ ወሬው ከመውጣቱ የምርመራው ውጤት ደረሰኝ። ወንፊት ልትዋስ የመጣችውም፣ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውም፣ ደጄ ላይ ቆመው ራሳቸውን በሐዘን እየነቀነቁ «ጋዝ ነው» ብለውኝ ሄደዋል። አንዳቸውም አልነኩትም። ጎበዝ ሐኪም የሚባለው ሳይነካ የሚያውቀው ነው መሰለኝ።

ፍሪዘሩ ያ የሚተኛው ዓይነት ነው፤ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት፣ አንድ ጎልማሳ እግሩን አጠፍ አድርጎ ቢጋደም የሚበቃው። ኮልፌ ገበያ አጠገብ የነበረ ምግብ ቤቷን ከዘጋች ሴት ነው የገዛሁት። ቀራንዮ ባለው ግቢያችን ውስጥ ከእሱ ሌላ ፍሪዘር የለም። ይህ ማለት በስም የኔ ነው፣ በኑሮ ግን የግቢው ነው። ለፋሲካ ጎረቤቱ ተሰባስቦ በሬ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ ቅርጫው መደብ መደብ ሆኖ ይከፋፈላል፤ በልቶ ያልጨረሰ ሁሉ የተረፈውን በፌስታል ቋጥሮ ወደኔ ሳሎን ይመጣል። በበዓለ ሃምሳ ጾም ስለሌለ፣ ሰዉ በየቀኑ ሥጋውን ሊጎበኝ ብቅ ይላል። እስረኛ እንኳ እንደዚያ አይጠየቅም።

ከሁሉም የከበደው ፌስታል የጎረቤቴ፣ የቅቤ ነጋዴዋ ነበር። ይህች ሴት ኮልፌ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ያረጀች፣ ምላሷ ከሚዛኗ የፈጠነ፣ ልቧ ግን እንደ ሸቀጧ የሆነ ናት። ልጇ ወንድ ወልዳለች፤ ክርስትናው ለዳግማ ትንሣኤ፣ ለእሁዱ ነው። የሕፃኑ የአባት ወገኖች ደግሞ ከሳንሱሲ ይመጣሉ። እነዚህ ሰዎች በልጇ ሠርግ በልተው፣ ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ «ድግሱ ሳሳ» ብለው ያሟት ናቸው። እሷም ይህን አልረሳችም፤ እኛም እንድንረሳው አልፈቀደችም። ስለዚህ ከቅርጫው ሁለት መደብ ወሰደች፤ በዓሉን ሙሉ ከሱ አንድ ቁራጭ ሳትቀምስ፣ እንዳለ አምጥታ ፍሪዘሬ ውስጥ አጋደመችው።

«አደራ፣ የኔ እናት» አለችኝ። «ይሄን ሥጋ እንዳይመስልሽ። ይሄ አፍ መዝጊያ ነው።»

ሰኞ ጠዋት መብራት ሄደ።

አማቴ ከጎጃም ለበዓሉ መጥተው ነበር። ወገባቸውን ስለሚያማቸው «ትንሽ ልረፍ» ብለው ቆይተዋል። መብራት እንደሄደ ከመኝታ ቤት ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ ታቅፈው ወጡ።

«ምን ሊያደርጉት ነው፣ እማዬ?»

«ላለብሰው ነዋ።»

«ፍሪዘር ይለብሳል እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ ስሙን አትሰሚውም? ብርድ ልብስ! የብርድ ልብስ ነው እኮ፤ የሰው ልብስ ነው ያለሽ ማነው? ብርዱ ልብሱን ካገኘ ወዴት ይሄዳል?»

እኔ ማንበብ የተማርኩት በገዛ እጄ ነው፤ በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ሳላነብ አልጥልም። ይህን ግን የትም አላነበብኩም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰዓት ልክ ነበሩ። መብራት በሌለበት ፍሪዘርን መሸፈን ቅዝቃዜውን ያቆየዋል። ከላይም ከጎንም ጠቅልለው፣ የልብስ ማስጫ ገመድ አዙረው እንደ በቅሎ ጭነት ጠፍረው አሰሩት። ክዳኑን ለመክፈት የፈለገ ከላይ ያለችውን ጫፍ ብቻ ገለጥ ያደርጋል።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ልብሱ ግን ቀረ። ማን ያውልቀው? አማት ያለበሱትን ምራት ታወልቃለች? የትም አልተጻፈም፤ ግን የሞከረች ካለች ትምጣና ታውራን።

ረቡዕ ዕለት ጎረቤቴ ሥጋዋን ልትጠይቅ መጣች። ክዳኑን ከፍታ ፌስታሉን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ይቺ አውራ ጣት የዋዛ አይደለችም። ቅቤ ውስጥ ገብታ፣ ሙዝ የተለወሰበትን ለይታ የምትወጣ ጣት ናት።

ጣቷ ሰመጠ።

«ይሄ ሥጋ ለስልሷል» አለች ቀስ ብላ።

«ከላይ ስለሆነ ይሆናል፣ ታች ያለው ግን...»

«አንቺ ሴትዮ፣ ለኔ ቅቤ አትሽጪልኝ! ቅቤ የምሸጠው እኔ ነኝ። ለስልሷል አልኩሽ።»

ፌስታሉን ፈትታ አሸተተች። ቀዝቃዛ ነው፣ ሽታው ጤነኛ ነው፤ ግን ድንጋይነቱን ትቷል። ሶፋው ክንድ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «እስከ እሁድ አይደርስም» አለች።

«ቋንጣ አድርጊዋ፣ ልጄ» አሉ አማቴ።

«እማማ! ለክርስትና ቋንጣ? ሳንሱሲዎቹ ገና በሩን ሳያልፉ ነው ሳቃቸውን የሚለቁት!»

ሥጋ ቤቱን ለመነች፤ የሰው ሥጋ ከሥጋዬ ጋር አላስገባም አላት። አክስቷ ዘንድ ደወለች፤ የአክስቷ ፍሪጅ ሁለት ሊትር ወተት ካስገቡበት በሩ የማይዘጋ ነው። ስለዚህ ሥጋው እዚያው ቀረ። የሚታከመው ሥጋው ሳይሆን ፍሪዘሩ ሆነ።

መጀመሪያ ባለቤቴ ገባበት። ባለቤቴ «ቮልቴጅ» በሚለው ቃል ያምናል። ቴሌቪዥኑ ቢጠፋ ቮልቴጅ ነው፤ ሻይ ቢዘገይበትም ቮልቴጅ ነው። ያን ዕለት ማታ ስታቢላይዘር ተሸክሞ መጣ፤ ከፊቱ አረንጓዴ መብራት ያለው ሳጥን ነው። ሰካው፣ መብራቱ በራ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«አየሽ? አረንጓዴ!»

«አረንጓዴው ሥጋ ያቀዘቅዛል?»

«ቀስ በቀስ» አለኝ፤ ወንበር ስቦም ዜና እንደሚያይ ሰው መብራቱን ማየት ጀመረ።

ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ኢንጂነሩ መጣ። ኢንጂነር ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ እዚህ ከተማ ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው። ቦርሳውን አስቀመጠ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አደረገ፣ አማቴን ቀና ብሎ አየ፣ ጫፉን መልሶ ሸጎጠው። ጨዋ ነው፤ አሳዳጊ አልበደለውም። ከዚያ ክዳኑ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ጥቂት አዳመጠ።

«ማዘር፣ ጋዝ ነው።»

«ጋዙ በየት ወጣ?» አልኩት።

«ይወጣል።»

«እኮ በየት? የተበሳ ነገር አለ?»

«ጋዝ አይደል፣ ማዘር? በራሱ ይሄዳል።»

«ሽቶ እንኳ ጠርሙሱን ካልከፈቱት አያልቅም። ይሄ ታሽጎ የተሠራ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ደህና የነበረ ጋዝ በዓል ጠብቆ ነው የሚሄደው? ዘመድ ጥየቃ ነው?»

ወደ ጋራዡ መውሰድ እንዳለበት፣ ማክሰኞ እንደሚያደርስልን ነገረን።

«ማክሰኞ?» አለች ጎረቤቴ። «እስከ ማክሰኞ ልጁ ራሱ ሚስት ያገባል!»

ኢንጂነሩ ካቻቢቴውን ከቦርሳው ሳያወጣ ሄደ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «እንግዲህ ሥጋው ሲሸት ትደውላላችሁ» አለን።

እሱ ሲወጣ አሰብኩ። ሰው ሁሉ ስለ ውስጡ ነው የሚያወራው፤ ጋዙ፣ ቮልቴጁ። እኔ የሚታየውን ልየው አልኩ። ቁራጭ ወረቀት ክዳኑ ላስቲክ ላይ አድርጌ ዘጋሁና ጎተትኩት፤ አልወጣም። በሌላ ጎንም ሞከርኩ፤ አልወጣም። ስለዚህ ክዳኑ ይገጥማል። በረዶ ተቆልሎበት እንዳይሆን ግድግዳውን አየሁ፤ በረዶውማ ያለቀሰ ሰው ፊት መስሏል። ሞተሩ? ሞተሩ ይሠራል። እንዲያውም ገረመኝ፤ ድሮ ያጓራል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ያጓራል። አሁን ግን ከሰኞ ከሰዓት ጀምሮ አንዴም ትንፋሽ አልወሰደም። ይሄ የሰነፈ ፍሪዘር አይደለም። እየሞተም የሚሠራ ነው።

ይህን እያሰብኩ ወረቀቴን ይዤ ቆሜ ሳለ አማቴ ሻያቸውን ይዘው መጡ። ትራሳቸውን አስተካክለው፣ ጀርባቸውን ፍሪዘሩ ላይ ደገፍ አድርገው ተቀመጡ። ከማክሰኞ ጀምሮ መቀመጫቸው እዚያ ነው። እኔ ሥጋ የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር።

«ወይ ጉድ» አሉ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው። «ይሄ ሳጥን የተባረከ ነው። ወገቤን እኮ እንደ ጠበል ፈታልኝ። እንዲያው ሙቀቱ!»

«ምን አሉኝ፣ እማዬ?»

«ሙቀቱ! ነይ ንኪው፣ ምድጃ በይው።»

እጄን ከብርድ ልብሱ ሥር ሰደድኩ። ወዲያው መለስኩት። የሚቀረው የሚተኮስ ልብስ ብቻ ነው፤ ካውያ ሆኗል።

ፍሪዘር ብርድ አይሠራም። እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ጎርፍ የገባበት ቤት አስቡ፤ አንድ ሰው በባልዲ እየቀዳ በበር ያወጣል። ፍሪዘሩ ያ ሰው ነው፤ የሚቀዳው የሥጋውን ሙቀት ነው፣ የሚደፋውም በጎኖቹ ነው። ለዚህ ነው ጤነኛ ፍሪዘር እንኳ ጎኑ ሞቅ የሚለው። እኛ ምን አደረግን? በሩን ዘግተን በሱፍ ወተፍነው። ምስኪኑ የቀዳውን መልሶ ቤት ውስጥ ይደፋዋል፣ ደግሞ ይቀዳዋል። መብራት በሌለበት ሰኞ ጠዋት ባልዲው ቆሞ ስለነበር በሩ መዘጋቱ ደግ ነበር፤ መብራት ሲመጣ ግን መከፈት ነበረበት። ግቢው ሙሉ ሰው ስለ ጋዝ ሲከራከር፣ አማቴ በሽታውን ተደግፈው ሻይ ይጠጡ ነበር።

በሽታው ታወቀ፤ አሁን መድኃኒቱን ማን ይንገር?

«እማዬ፣ ይሄን ብርድ ልብስ አጠብ ላድርገው?» አልኩ።

«ንጹሕ ነው።»

«ሌሊት እንዳይበርድዎት፣ እርስዎ ይልበሱት።»

«ይሄን ተደግፌ ውዬ ሌሊት ምን ይበርደኛል? ሙቀቱ ነው የሚያሳድረኝ።»

ባለቤቴ ለምሳ ሲመጣ ጓዳ ወስጄ ሁሉንም አስረዳሁትና በዓይኔ ለመንኩት። ወደ ሳሎን ወጣ፤ እናቱን አየ፣ አረንጓዴውን መብራት አየ፣ «ቮልቴጁ ተስተካክሏል» አለና ኮፍያውን አድርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ ጎረቤቴ ተመልሳ መጣች። በጆሮዋ ነገርኳት። የኔ ጥፋት ማንሾካሾኬ ነው፤ እሷ ማንሾካሾክ የሚባል ነገር አታውቅም።

«ብርድ ልብሱ ነው?!» ብላ ጮኸች፤ ገመዱንም ያዘች።

«ተይ!» አሉ አማቴ። «ተይ ብያለሁ! እኔ ያሰርኩትን? ሰው እኮ የሚገፈፈው ሲሞት ነው!»

«እማማ፣ ይሄ ፍሪዘር ነው እንጂ አራስ አይደለም፣ ይልቀቁኝ!»

«ብርዱን ይዞ ያቆየልሽ ማን ሆነና ነው? የኔ ልብስ አይደለም?»

«የያዘውማ የእርስዎን ወገብ ነው!»

ሞተሩ ያጓራል። አማቴ ወደ ሻያቸው አቀረቀሩ፤ የጎጃም ሰው ማቀርቀሩ ደግሞ ከስድብ ይከብዳል። ጎረቤቴም እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ከንፈሯን ነከሰች። በሽማግሌ አስታራቂ የሚያልቅ ነገር ነበር፤ ግን ሽማግሌ እስኪመጣ ሥጋው ይፈሳል።

«እማዬ» አልኩ ጎናቸው ቁጭ ብዬ፣ «እርስዎ ይፍረዱ። ልብሱ ከቆየ ወገብዎ ይሞቃል። ሥጋው ግን ዓርብን አያልፍም። እሁድ ለክርስትናው የሚቀርበው ሽሮ ነው ማለት ነው። እርስዎ ደግሞ ከፊት ነው የሚቀመጡት።»

ቀና አሉ።

«ሽሮ?»

«ሽሮ።»

«በበዓለ ሃምሳ?»

«በበዓለ ሃምሳ።»

ሁዳዴን ሙሉ ሽሮ የበሉ ሴት ናቸው። ብርጭቋቸውን መሬት አስቀመጡ። ፍሪዘሩን ተደግፈው ብድግ አሉ፤ የጎረቤቴን እጅ ከገመዱ ላይ አነሱና ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱት።

«ወገብ ይታገሣል» አሉ። «ሆድ ግን ምን ትዕግሥት ያውቃል?»

ብርድ ልብሱን ገፈፍነው፤ ሦስታችን ተጋግዘን ፍሪዘሩን ከግድግዳው ጎትተን አየር የሚያልፍበት ክፍተት ሰጠነው። ጎረቤቴ መጋረጃውን ሳይቀር ልታነሳ ነበር፣ አስተውኳት። ክዳኑን እስከ ነገ ማንም እንዳይከፍት ብዬ በግቢው አወጅኩ። ሥጋቸውን ሊጠይቁ የመጡትን ከበር መለስኳቸው።

ዓርብ ማታ ላይ ባለቤቴ ገና ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ምንድን ነው ዝም ያለው?»

እውነትም ዝም ብሏል። ከሰኞ ወዲህ ጆሯችን የለመደው ማጓራት የለም።

«ገደላችሁት!» አለ። «አረንጓዴው በርቶ እሱ ሞቷል! እኔ አስተካክዬው፣ እናንተ ገደላችሁት!»

ጎረቤቴ ጩኸቱን ሰምታ እጇን ራሷ ላይ ጭና መጣች። አማቴ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ሁላችንም ፍሪዘሩን ከበን እንደ ለቅሶ ቤት ቆምን። ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጣቴን ፌስታሉ ላይ ሳሳርፍ ተጣበቀ። ጎረቤቴ አውራ ጣቷን ጫነች፤ ጣቷ ታጠፈ እንጂ አልሰመጠም። ፍሪዘሩ አልሞተም፤ ሥራውን ጨርሶ ማረፉ ነው። ይህን ስንባባል ትርርር ብሎ እንደገና ተነሣ፤ ጎረቤቴም ዘላ ሳመችው።

ከዚያ በኋላ ያዳነው በዛ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ስታቢላይዘሩን ለእንግዳ ያሳያል። አማቴ «ብርዱን አጥግቤ ነው የለቀቅኩት፣ ጥጋቡ ነው እስካሁን የያዘው» ይላሉ። ኢንጂነሩ ሥጋው ሸቶ እንደሆነ ሊጠይቅ ደውሎ ነበር፤ ዳነ ስለው ጥቂት አሰበና «አንዳንዴ ጋዙ ይመለሳል» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ድስቷን ጥዳ ሥጋዋን ልትወስድ መጣች። ፌስታሏን ሳበች፤ ሌላው አብሮ መጣ። ያንን ሳበች፤ ሁሉም መጣ። እነዚያ ረቡዕና ሐሙስ የለሰለሱ ፌስታሎች ውሃቸውን ተቀባብለው ነበር፤ አሁን ተቃቅፈው ደርቀዋል። የግቢው ሥጋ በሙሉ አንድ ቋጥኝ ሆኗል። ወንዶቹ ተጋግዘው ግቢ አወጡት፣ ባለቤቴ መጥረቢያ አመጣ። መጥረቢያ ደግሞ መደብ አያውቅም፤ በፈለገው በኩል ፈለጠው። የአንዱ ሽንጥ ከሌላው ጎድን ጋር፣ ፌስታሉም ተበጣጥሶ፣ በየአቅጣጫው ተበተነ።

«ያ የኔ ሽንጥ ነው!»

«ያንተማ ሻኛ ብቻ ነበር፣ ስትወስድ አይቼሃለሁ!»

«ከፋፍላችሁ አረዳችሁት» አሉ አማቴ ከደረጃው ላይ፣ «እሱ ተመልሶ በሬ ሆነላችሁ።»

በዚህ ሰዉ ባይስቅ ኖሮ ጠቡ እስከ ማታ ይዘልቅ ነበር። ሥጋው ታጥቦ፣ ፌስታሉ ተለቅሞ፣ ሁሉም አንድ ድስት ገባ፤ ግቢው በሙሉ ለክርስትናው ሊበላ ተስማማ። አንዳንዱ ያለ ስጦታ ነው የመጣው፤ «ሥጋዬ ገብቷል» እያለ።

እሁድ ሳንሱሲዎቹ መጡ። ድስቱ ሲከፈት አንገታቸው ረዘመ። ሥጋው ከወጡ በላይ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። በሉ፤ ደገሙ። የሕፃኑ የአባት እናት፣ ያቺ ዋናዋ ሐሜተኛ፣ ስትነሣ ወደ ጎረቤቴ ጆሮ ጠጋ ብላ «ለቤት ትንሽ ነገር ብትቋጥሪልኝ» አለቻት። ጎረቤቴ ቋጠረችላት። ከዚያም እስከ ፌርማታው ሸኘቻቸው፤ ታክሲው እስኪሞላ አብራቸው ቆመች፤ ሞልቶ እስኪንቀሳቀስም አልተመለሰችም።

ስትመጣ እኔ ጓዳ ሳህን እያጠብኩ ነበር። የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዋን አወለቀች።

«እንዴት ነው፣ አሙሽ?» አልኳት።

«እኔ አጠገባቸው ቆሜ? ደግሞ አንዳቸውም አፋቸው ባዶ አልነበረም።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ድካሟ ወጣ። ከበዓሉ ጀምሮ ከዚያ ሥጋ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም። ድስቱን አጋድሜ ከሥሩ የቀረውን ጠረግኩና በእንጀራ ጠቀለልኩላት።

«አጉርሺኝ» አለች፤ «እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።»

የማን መደብ እንደሆነ ሳትጠይቅ አፏን ከፈተች።